በነርስ ትምህርት ደጃፍ፦ በመሠረታዊ ሳይንስ የሚቸገር ተማሪ ይቀጥል ወይስ ያቁም?

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ የመራዊ ከተማ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የቆጋ ወንዝ ግልገል ዓባይን ተቀላቅሎ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። እንዲህ ባለ ውሃ ገብ አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ወባን፣ የሕፃናት ተቅማጥን፣ የሳንባ ምችንና በእርግዝና ወቅት የሚከሰት የደም ግፊትን መጽሐፍ ሳይገልጥ ይለያቸዋል። በዚህ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ለስምንት ዓመታት ያገለገለች፣ በደረጃ አራት የሠለጠነች አንዲት ነርስ አለች እንበል። ትምህርቷን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ቅዳሜና እሑድ ወደ ባሕር ዳር ትመላለሳለች። በሌሊት ተረኛነት ብቻዋን የምታዋልድ፣ የሕፃን ደም ሥር በአንድ ሙከራ የምታገኝ ባለሙያ ናት። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ሲወጣ ግን በኬሚስትሪ ወድቃለች። ሕመምተኛ ፊት ያልተንቀጠቀጠው እጇ በሞል ስሌት ፊት ተንቀጠቀጠ። አሁን የቀረባት ጥያቄ አንድ ነው፦ ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?

ይህ ጥያቄ የእርሷ ብቻ አይደለም። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ መጥቶ በፍሬሽማን ዓመት ባዮሎጂና ሒሳብ የከበደው ወጣትም ይህንኑ ይጠይቃል። በሁለቱም ዘንድ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በመጥፎ ቀን፣ ውጤት በተለጠፈበት ሳምንት ሲሆን፣ መልሱን የሚሰጡትም ከማወቅ ይልቅ ከማዘን የሚናገሩ ዘመዶችና ባልደረቦች ናቸው። ውሳኔው ግን እንደ ማንኛውም የሕክምና ውሳኔ ምርመራ ይቀድመዋል።

መግቢያው እየጠበበ የመጣበት መንገድ

በአገራችን የዘመናዊ ነርስ ትምህርት ታሪክ ሲነሣ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ይቀድማል። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው የተመዘገቡ ነርስ የሆኑ ሲሆን፣ ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 በወለጋ በወሊድ ምክንያት በለጋ ዕድሜያቸው አርፈዋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የነርሶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ አስተምሮ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ማሰማራትን ዓላማው አደረገ። በጣና ዙሪያ ያሉ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የመጀመሪያ ባለሙያዎቻቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። በዚያ ዘመን የተማሪው ችግር የትምህርት ቤቱ ማነስ ነበር። ቦታ ያገኘ ተማሪ ሳይንሱን ከሙያው ጋር አብሮ፣ በዎርዱ ውስጥ ይማር ነበር።

በዛሬው ሥርዓት ሳይንሱ ከሙያው ቀድሞ እንደ በር ቆሟል፤ በሩም አንድ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወንበሩ እንዳይራቆት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሜዲያል የሚባለው ተዘረጋ። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የገባ ተማሪ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ተምሮ ይፈተናል። ያንን ያለፈ በ2012 ዓ.ም. ወደ ተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ይገባል፤ የሚደርሰውም የትምህርት ክፍል በዚያ ዓመት ውጤቱ ላይ የተመሠረተ ነው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂና ፋርማኮሎጂ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቁታል።

በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አላመለጡም። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች ወደ ነርስ ትምህርት ከማስገባታቸው በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ አንዳንዴም ኬሚስትሪ በጥሩ ውጤት እንዲጠናቀቁ ያስገድዳሉ። ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ በረዳትነት እየሠራ፣ ቀን ለእነዚህ ኮርሶች የሚቀመጥ ወገናችን የሚጠይቀው ጥያቄ ከቆጋዋ ነርስ ጥያቄ አይለይም።

ኬሚስትሪው በአልጋው አጠገብ

ተማሪው በቅድሚያ የሚያነሣው ቅሬታ «ይህ ሁሉ ለነርስ ምን ይረባል?» የሚል ነው። ቅሬታው በከፊል እውነት አለው፤ በፍሬሽማን ፊዚክስ ውስጥ አንድ ነርስ ዕድሜ ልኳን የማትነካቸው ምዕራፎች አሉ። የሚበዛው ክፍል ግን በየዕለቱ በእጇ ላይ ነው፤ ማንም «ይህ ኬሚስትሪ ነው» ብሎ ስላልነገራት ብቻ አላወቀችውም።

የማግኒዥየም ሰልፌትን ነገር እንመልከት። ኤክላምፕሲያ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ በቅድሚያ የሚሰጣት 4 ግራም በደም ሥር ሲሆን፣ መጠኑም 20 በመቶ ሆኖ ተበጥብጦ ቀስ ተብሎ ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለው መድኃኒት ግን በብዛት 50 በመቶ ነው። 50 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ግራም፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደግሞ ግማሽ ግራም ማለት ነው። ስለዚህ 4 ግራም ለማግኘት 8 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ በዚያ ላይ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውሃ ሲጨመር 20 ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ አራት ግራም በሃያ ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ ይህም 20 በመቶ ነው። «ሃያ ሚሊ ሊትር ይሰጣል» የሚለውን ብቻ ሸምድዳ የመቶኛውን ትርጉም ያልያዘች ነርስ ከ50 በመቶው በቀጥታ 20 ሚሊ ሊትር ብትቀዳ 10 ግራም በአንድ ጊዜ ወደ ደም ሥር ትሰዳለች፤ ይህም ከሚገባው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የጉልበት ምላሽ የሚጠፋውና አተነፋፈስ የሚቆመው እንዲህ ባለ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል ካልሲየም ግሉኮኔት እንዲዘጋጅ የሚታዘዘውም ስለዚሁ ነው።

ሕዝቡ ሁሉንም «ጉሉኮስ» የሚለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት ይግባ ተብሎ ሲታዘዝ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ፣ 60 ጠብታ የሚያወርደው የሕፃናት ቱቦ ከሆነ ደግሞ 125 ጠብታ ይሆናል። ቱቦውን ሳያዩ ጠብታውን ብቻ መቁጠር ለአንድ ሕፃን ከታዘዘው ፈሳሽ ሦስት እጥፍ መስጠት ሊሆን ይችላል። ይህ ስሌት ከሰባተኛ ክፍል የንጽጽር ሒሳብ አይዘልም።

የቆጋዋን ነርስ የጣላት ሞልም ከጠረጴዛዋ ሩቅ አልነበረም። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባጸደቁት ቀመር 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬት፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 13.5 ግራም ግሉኮስ አለው። ተማሪው 2.6ን ለጨው ሞለኪዩላዊ ክብደት ለ58.5 ሲያካፍል 44 ሚሊሞል ያህል ሶዲየም ያገኛል። ሲትሬቱ ከነውሃው 294 ይመዝናልና 2.9 ለ294 ሲካፈል ወደ 10 ሚሊሞል ይጠጋል፤ እያንዳንዱ ሦስት ሶዲየም ስለሚይዝ ሌላ 30 ያህል ይጨምራል። ድምሩ 75 ገደማ ነው። የግሉኮሱም ክብደት ለ180 ሲካፈል እንዲሁ 75 ይሰጣል። ሁለቱ እኩል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ተሸካሚ ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ ያስገባል፣ ውሃም ይከተላቸዋል። ተማሪው ሞል ማለት የክብደት ሳይሆን የቁጥር መለኪያ መሆኑን የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ተሸካሚው ግራም አይመዝንም፣ በቁጥር ያስገባልና።

ቀጥሎ ኦስሞሲስ ይመጣል። በትክክል የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ጠቅላላ ኦስሞላሪቲው 245 ሲሆን የደም ፈሳሽ 290 አካባቢ ነው። እናቲቱ ፓኬቱን በግማሽ ሊትር ውሃ ብትበጠብጠው መጠኑ ወደ 490 ያድጋል፤ ውሃ ወደ ሕፃኑ ሰውነት በመግባት ፈንታ ከሰውነቱ ወደ አንጀቱ ይሳባል፣ ተቅማጡም ይበረታል። «በአንድ ሊትር ነው» ብላ እናትን የምትመክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ምክንያት ብታውቅ ምክሯ ክብደት ያገኛል።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

ወድቆ የመጣ ተማሪ ሁሉ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይላል። ይህ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ከሥሩ ያሉት ምክንያቶች የተለያዩ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

በቅድሚያ የሚገኘው ቋንቋ ነው። ተማሪው በአንደኛ ደረጃ በአማርኛ «ሕዋስ»፣ «ሥርዓተ ልመት»፣ «ሥርዓተ ትንፈሳ» እያለ የተማረውን፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በመላ አገሪቱ የማስተማሪያ ቋንቋ በሆነው በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ነገር ይገናኘዋል። ብዙ ጊዜ የሳይንስ ድክመት የሚመስለው ጥያቄውን አንብቦ ያለመረዳት ነው። ለመለየት ቀላል ፈተና አለ፦ ያልመለሰውን ጥያቄ በአማርኛ አብራርተው ይጠይቁት። ከመለሰ ችግሩ ኬሚስትሪው አይደለም፤ ገንዘቡንና ጊዜውን በኬሚስትሪ አስጠኚ ላይ ከማጥፋት ይልቅ በንባብ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ሁለተኛው የመሠረት ክፍተት ነው። በወረርሽኙ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ተማሪ የጎደለው ምዕራፍ እንጂ ችሎታ አይደለም። ቤተ ሙከራ ሳያይ፣ ቲትሬሽንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ተምሮ ያለፈም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የሥራ ላይ ተማሪዋ የተረኝነት ሰሌዳዋን፣ የመንገዱን ሰዓትና የቤት ሥራዋን ቀንሳ በሳምንት ስንት የነቃ ሰዓት እንደሚተርፋት በወረቀት ላይ ብታሰፍር ብዙውን ጊዜ ራሷ ትደነግጣለች። በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ኖሯት አራት ኮርስ የያዘች ተማሪ ብትወድቅ የችሎታዋ መለኪያ አይሆንም፤ ኮርሱን ወደ ሁለት ዝቅ ማድረግ የመጀመሪያው ሕክምና ነው።

አራተኛው ደግሞ የጤና ባለሙያው በቀጥታ የሚመለከተው፣ ሆኖም በባልደረባው ላይ የሚረሳው ነው፦ ተማሪው ታሞ ሊሆን ይችላል። መነጽር የሚያስፈልገው ግን ያልተመረመረ ዓይን ከኋላ ወንበር የተጻፈውን አያይም፤ ባለቤቱም ሰነፍ ተብሎ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የደም ማነስ ያለባት ወጣት መጽሐፍ እንደ ያዘች ታንቀላፋለች። የሌሊት ተረኛነት የተማሩት ነገር በአእምሮ የሚደላደልበትን እንቅልፍ ይነጥቃል፤ እንቅልፉን በቡና ወይም በጫት የሚሸኝም ያተረፈ መስሎት ይከስራል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ድብርት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የቀድሞ ደስታ መክሰም ካለ ደግሞ ውሳኔው ሁሉ እስኪታከም ድረስ ይቆይ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የሚናገር ተማሪ በዚያው ዕለት በባለሙያ መታየት አለበት፤ ስለ ውጤቱ መነጋገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ተማሪዎች ከመውደቅ ኀፍረት የተነሣ ይህን እንደማይናገሩ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጠያቂው ቀድሞ ይጠይቅ።

አጠናን

ከሁሉ የበለጠ የተለመደው የአጠናን ስልት ደብተርን ደጋግሞ ማንበብና በቀለም ማስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በደንሎስኪና ባልደረቦቹ የታተመው ሰፊ ግምገማ አሥር የአጠናን ስልቶችን አነጻጽሮ እነዚህን ሁለቱን ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው መደባቸው፤ ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያላቸው ራስን መፈተንና ጥናትን በተለያዩ ቀናት ማከፋፈል ናቸው። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ደግሞ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጠ አስታወሱ፤ ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን ከትዝታቸው ለመጻፍ የሞከሩት በለጧቸው። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው ስለዚህ ነው፤ በዚያው ምሽት ያወቁ ያህል ያሰኛል።

ለጎጃምና ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ ወሬ መሆን አልነበረበትም። የአብነት ተማሪ ቀን ከመምህሩ የተቀበለውን ቃል ሌሊት መጽሐፍ ሳይዝ ይቀጽላል፤ የተሳሳተውን በማግሥቱ ያርማል፤ ያለፈውንም ሳይተው ከአዲሱ ጋር ይመላለስበታል። ራስን መፈተንና ማከፋፈል ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ የሳይንስ ተማሪ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም መቀጸል እንዳለበት ነው። የኩላሊትን ሥራ ያጠና ተማሪ መጽሐፉን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ ይሣለው፤ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሙላ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከባዶ ይጀምር። ለስሌት ደግሞ መምህሩ የሠራውን ምሳሌ ማንበብ አይበቃም፤ መልሱን ሸፍኖ በራስ እጅ መሥራት ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ያለችው ነርስ ለዚህ ከማንም የተሻለ ዕድል አላት፦ በየተረኝነቱ አንድ መድኃኒት መርጣ መጠኑን ራሷ አስልታ ከመመሪያው ጋር ብታስተያይ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ትሸፍናለች።

መቀጠልና ማቆም

አንድ ኮርስ አንድ ጊዜ መውደቅ ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ለመመርመር ግን በቂ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ውድቀት በተለመደው ስልት፣ በጠበበ ጊዜና በድካም የመጣ ከሆነ ስለ ተማሪው ብዙ አይናገርም። ሁኔታው ተለውጦ፣ ማለትም ጫናው ቀንሶ፣ ስልቱ ተስተካክሎ፣ የቋንቋው ክፍተት ታይቶ፣ ሕመሙ ታክሞ፣ ከዚያ በኋላ በሚሰጠው ፈተና ውጤቱ ከፍ ካለ፣ ወደ ማለፊያው ባይደርስም መቀጠል ተገቢ ነው። ምንም ሳይለውጡ ሦስተኛ ጊዜ መመዝገብ ግን ጽናት ተብሎ ቢመሰገንም፣ መድኃኒቱ ያልሠራለትን ሕመምተኛ በዚያው መድኃኒት ከማከም አይለይም።

የስሕተቱ ዓይነትም ይታይ። በፈተና ወረቀቱ ላይ ስሌቱን በትክክል አዋቅሮ መጨረሻው ላይ የነጥብ ቦታ የሳተና ከመነሻው ምን እንደ ተጠየቀ ያልገባው እኩል ዜሮ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ርቀታቸው ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ተማሪው የተመለሰውን ወረቀት ለማየት ይጠይቅ፤ መብቱ ነው፣ ብዙዎች ግን አይጠይቁም።

ሁሉ ተለውጦ ውጤቱ ካልተነቃነቀ፣ ወይም ተማሪው በእውነት ሲጠየቅ የሚፈልገው የነርስነትን ሥራ ሳይሆን የዲግሪውን ስም ወይም የቤተሰቡን ምኞት ከሆነ፣ ማቆም ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። «ይህን ያህል ዓመት ደክሜ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍዬ» የሚለው መከራከሪያ ብዙውን ጊዜ ያሳስታል፤ የወጣው ወጪ ቢቀጥልም ቢያቆምም አይመለስም። የሚመዘነው የሚቀጥለው ዓመትና የሚቀጥለው ብር ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውም እንዲሁ፤ ሰው የሚለው አንድ ሰሞን ነው። በደረጃ አራት ሙያ የምትሠራ ነርስ፣ ዲግሪ ባትጨርስም፣ ነርስ ናት። በላቦራቶሪ፣ በፋርማሲ ወይም በጤና መረጃ ዘርፍ የተሻለ የሚሆንም አለ፤ ሆኖም የላቦራቶሪና የፋርማሲ ትምህርት ኬሚስትሪ የሚበዛበት መሆኑን ሳያውቅ «ከኬሚስትሪ ለመሸሽ» ወደዚያ የሚዛወር ተማሪ አሳዛኝ ነው።

የሚያቆም ሰው እንዴት እንደሚያቆም ማወቁ ከውሳኔው ያላነሰ ዋጋ አለው። ከግቢ በዝምታ መጥፋትና በቅጽ ዊዝድሮዋል ሞልቶ መውጣት በመዝገብ ቤት ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው በአብዛኛው የመመለስ በርን ይከፍታል፣ የመጀመሪያው በየኮርሱ ውድቀት ሆኖ ይመዘገባል። የማስጠንቀቂያና የመሰናበቻ ነጥቡ በየተቋሙ የሴኔት ሕግ ይለያያልና ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ይጠየቅ። በመሥሪያ ቤቱ ወጪ የሚማር ባለሙያ የፈረመውን የአገልግሎት ግዴታ ውል ከማቋረጡ በፊት ያንብብ። ወደ ሌላ ተቋም የሚዛወርም ያ ተቋም በዚያው የትምህርት ዘርፍ ዕውቅና ያለው መሆኑን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ያረጋግጥ፤ ዕውቅናው ከሌለ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ላይ መቀመጥ አይቻልምና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በጤና ጣቢያው በኩል

ይህን ሁሉ ተማሪው ብቻውን የሚሸከመው አይደለም። የተረኝነት ሰሌዳ የሚያወጣው ኃላፊ በፈተና ዋዜማ ያለውን የሌሊት ተራ ወደ ሌላ ሳምንት ማዛወር ይችላል፤ የጎደለውን ተራ ተማሪዋ ከፈተናው በኋላ ትመልሳለች። ባለሙያ ቁጥሩ ባነሰበት ጤና ጣቢያ ይህ ከባድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ባለሙያዋ ትምህርቷን በብስጭት አቋርጣ ሥራዋንም ብትለቅ የሚፈጠረው ክፍተት ከአንድ ሌሊት ይሰፋል። ሐኪሙ ወይም የጤና መኮንኑ በጠዋት ዙር ላይ «ይህ ሕፃን ፖታሲየሙ ለምን ወረደ?» ብሎ ሦስት ደቂቃ ቢያስረዳ በክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት የሚወስደውን ትምህርት ያቀልላል። በውጤት ማሾፍ፣ «ዕድሜሽ ገፍቷል፣ ምን አደከመሽ» ማለት ግን ከባልደረባ የማይጠበቅ ነው፤ በጤና ጣቢያዎች ውስጥ መስማት ግን ብርቅ አይደለም።

የቆጋዋ ነርስ እንግዲህ በመጀመሪያ ዓይኗን ትመርመር፣ ሄሞግሎቢኗን ታስለካ፤ የፈተና ወረቀቷን ከመምህሩ ጋር ትይ፤ ለሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ከአራት ኮርስ ሁለቱን ብቻ ትያዝ፤ ከመደርደሪያው አንድ የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት አንሥታ ከጀርባው የተጻፈውን ግራም ወደ ሚሊሞል ትለውጥ። የመጀመሪያው የክፍል ፈተና በስድስት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ቀኑ ግን ከዚያ ቀድሞ ስለሚያልፍ፣ ቀኑን ዛሬውኑ ከመዝገብ ቤት ትጠይቅ።